ክረምት ያበላሸውን ጥቅምት ያወጣዋል

የረጅም መንገድ አሽከርካሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊዎች፣ የጋራዥ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በእጄ የያዝኩትን ላሳያችሁ። ከኋላ ለተቀመጣችሁት ላይታይ ይችላል። ቁመቱ የሻይ ብርጭቆ ያህላል፤ ሁለት ወፍራም ብሎንና ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አለው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ከአንድ ላንድክሩዘር ላይ የፈታሁት የካንዴሌታ ሪሌ ነው። ሽፋኑን በመጋዝ ቆርጬ ስለከፈትኩት ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህችን ዕቃ ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ባለመኪናው ግን እሷ ጋ እስኪደርስ አዲስ ባትሪ ገዝቷል፣ ሞተር የሚያስነሳውን ሞቶሪኖ አስፈትቷል፣ ሦስት የሥራ ቀን አቃጥሏል።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አንድ የቃል ጣጣ አለብን።

የመኪና መመሪያ መጻሕፍት «ዊንተር ሳይገባ የካንዴሌታውን መስመር አስፈትሽ» ይላሉ። ዊንተርን እኛ ክረምት ብለን እንተረጉመዋለን። ክረምት ደግሞ ለእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ መኪናውን አስፈትሾ «ለክረምት አዘጋጅቼዋለሁ» ካለ በኋላ ጥቅምት መጨረሻ ላይ በማለዳ ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚቀር አሽከርካሪ አለ። መጽሐፉ አላሳሳተውም፤ ትርጉሙ ነው ያሳሳተው። የክረምት ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የሞቀችውን ሌሊት ሸፍኖ ያቆይላታል። መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ጋቢው ይገፈፋል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ ቀን በሸሚዝ የሚያስኬድ ፀሐይ አይተን ሌሊቱን ሣሩ በውርጭ ነጭቶ የምናድረው ለዚህ ነው። አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ብርዱ የሚገባበትን ወር ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። የመኪናችን የብርድ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ፍተሻውም ለመስከረም መጨረሻ የሚቀጠር ነው፤ ዘንድሮ ያ ቀጠሮ ካለፋችሁ ደግሞ ለነገ።

ክረምቱ ግን ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ከጎማ የሚረጨው ውሃና ጭቃ፣ ከሞተሩ ሙቀት የሚወጣው እንፋሎት፣ በሪሌው ብሎን ሥር እየገባ ዝገት ሲሠራ ይከርማል። በዚያ ወቅት ማለዳው ለሞተሩ ያን ያህል ስለማይከብድ የደከመው ሪሌ እንደምንም ይገፋል፤ ማንም አያውቅበትም። የመጀመሪያው ውርጭ ያደረ ዕለት ይጋለጣል።

አሁን ካንዴሌታ ምን እንደሆነ፣ ለማያውቁት። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍታ ሞተር ብልጭታ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ላይ ሞተሩን ሲያስፈትሽ የተማመነው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመንፊያው ጫፍ እጅ ያቃጥላል። ናፍታ ሞተር ውስጥ አየሩ ከሃያ እጥፍ በላይ ሊታመቅ ይችላል፤ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል የተረጨበት ናፍታ በራሱ ይቀጣጠላል። ታዲያ የሞተሩ ብረት በውርጭ አድሮ በረዶ ከሆነ፣ አየሩ የሰበሰበውን ሙቀት ብረቱ ይነጥቀዋል። በተለይ ናፍታው መጀመሪያ ትንሽ ጓዳ ውስጥ በሚረጭባቸው ሞተሮች ነጠቃው ይብሳል፤ አገራችን ውስጥ በብዛት ያሉት የድሮዎቹ ባለ 4.2 ሊትር ላንድክሩዘሮችና የድሮዎቹ ሃይሉክሶች እንደዚያ ናቸው። ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ ጓዳ ውስጥ የእርሳስ ቅጥነት ያለው ብረት ይገባል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሴኮንዶች ውስጥ ፍም መስሎ ከ800 ዲግሪ ያልፋል። ካንዴሌታ እሱ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ተራራ የራሱን ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ «ትር» ብሎ የሚነሳ ሞተር ጣርማ በር ላይ ቢያድር የሚያምቀው አየር ስስ ነው፤ ናፍታውም ለመቀጣጠል ይዘገያል። ቆላ ውላችሁ ደጋ የምታድሩ ሰዎች፣ «ታች እኮ ደህና ነበር» የምትሉት ነገር እውነት ነው፤ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ላንድክሩዘሩ ልመለስ። ጥዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል።»

«በምን አወቅህ?»

«አይነሳማ!»

«ሲዞር እንዴት ነው ድምፁ?»

«መጀመሪያማ በደንብ ይዞር ነበር። እየቆየ ደከመ።»

መልሱ ያለው እዚያው ላይ ነበር። መጀመሪያ በደንብ የሚዞር ሞተር ባትሪው ደህና ነው፣ ሞቶሪኖውም ደህና ነው። ባትሪውን የገደለው ራሱ አሽከርካሪው ነው፤ ዕንቁላል እንደሚመታ ሰው ቁልፉን ይዞ ሲያዞር፣ ሲያዞር። እኔ በዚያ ሳምንት ከከተማ ውጭ ነበርኩና ሌላ ሰው ጋ ሄደ። አዲስ ባትሪ ገባ፤ በቀትር ፀሐይ ተነሳ፤ «ይኸው!» ተባለ። በማግሥቱ ማለዳ እምቢ አለ። ሞቶሪኖው ወርዶ ካርቦኑ ተቀየረ። በቀትር ተነሳ። በሦስተኛው ማለዳ እምቢ አለ። ልብ ብላችሁ ከሆነ መኪናውን ሁለቱንም ቀን ያስነሳችው ፀሐይ ናት።

ስመለስ ማለዳ ሄጄ እሱን ከመሪው ጋ አስቀመጥኩና እኔ ጭስ ማውጫው ጋ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ኮፈን ከፍቶ ነው የሚያየው፤ የናፍታ መኪና ግን አልነሳ ሲል ቢያንስ ግማሹን የሚናገረው በኋላው ነው። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ከጭስ ማውጫው ምንም ካልወጣ ናፍታው አልደረሰም፤ ፊልትሮ፣ ፓምፕ፣ የገባ አየር ትፈልጋላችሁ። እየዞረ ነጭ ጭስ እየተግተለተለ ዓይን የሚለበልብ ጥሬ የናፍታ ሽታ ካመጣ፣ ናፍታው ደርሷል፤ የሚያቃጥለው ነው ያጣው። በዝግታ እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ ያኔ ባትሪና ሞቶሪኖ ይጠየቁ። የእኛው ላንድክሩዘር ነጭ ጭሱን ለቀቀው።

«መብራቱ ግን ይበራል እኮ ጋሼ» አለኝ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የተጠቀለለች የሽቦ ምልክት ማለቱ ነው። ይህች መብራት ብዙ ሰው አታልላለች። በአብዛኞቹ መኪኖች መብራቷን የሚያዛት የሰዓት መቁጠሪያ ነው፤ የሞተሩን ሙቀት አይቶ «ይህን ያህል ሴኮንድ ጠብቅ» ይላል እንጂ ካንዴሌታው ይጋል አይጋል የሚያውቀው ነገር የለም። ስድስቱም ካንዴሌታ ተቃጥሎ መብራቷ በሰዓቷ በርታ በሰዓቷ ትጠፋለች። በጣም የቆዩት ሞዴሎች አንዳንዶቹ በዚህ ይሻሉ ነበር፤ ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ካንዴሌታው በዚያው ኤሌክትሪክ የምትግል ትንሽ ሽቦ ነበረቻቸው። እሷ ቀልታ ካየሃት የምር ጅረት አለፈ ማለት ነው።

እሺ፣ ሪሌው ምን ያደርጋል? አንድ ካንዴሌታ ሲጀምር 10 አምፔር ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይስባል። ስድስት ሲሆኑ ከ60 አምፔር በላይ ነው። የፊት መብራት አምፖል 55 ዋት ነው፤ 5 አምፔር አይሞላም። እንግዲህ ከ12 የፊት መብራት በላይ በአንዴ አበራህ እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ በቁልፍ ማዞሪያችን በኩል ብናሳልፈው ቁልፉ እጃችን ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ ቁልፉ ትንሽ ጅረት ብቻ ይልካል፤ ያ ትንሽ ጅረት ሪሌው ውስጥ ያለውን የሽቦ ጥቅል ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቱ አንዲት የመዳብ ምላስ የያዘውን ብረት ይስባል፤ ምላሷ ሁለቱን ወፍራም ብሎኖች ታገናኛለች። ትልቁ ጅረት በዚያ ያልፋል። የሰፈር ዘበኛ በፉጨት ትልቁን በር እንደሚያስከፍተው ነው፤ ፉጨቱ በር አይገፋም።

አሁን ይህችን ምላስ እዩልኝ። ጫፏ ላይ ብሩህ መዳብ መሆን የነበረበት ጠቁሯል፣ ተበልቷል፣ የተቃጠለ የድስት ቂጥ መስሏል። በተገናኘችና በተለያየች ቁጥር ብልጭታ አለ፤ ብልጭታው በእያንዳንዱ ማለዳ ትንሽ ይነክሳል። ጥቅሉ ግን ደህና ነው። ማግኔቱም ይሠራል። ቁልፉን ስታዞሩ ሪሌው «ቀጭ» ይላል። መካኒኩም «ቀጭ ብሏል፤ ሪሌው ጤነኛ ነው» ብሎ ያልፋል። በዚህ ሙያ 20 ዓመት ስቆይ በጣም ያስከፈለን ስህተት ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ቀጭታው የሚነግረን ምላሷ መንቀሳቀሷን ብቻ ነው፤ ጅረት ማለፉን አይነግረንም።

ጅረት ማለፉን የሚነግረን ቴስተር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ሞቆ ከሆነ መቁጠሪያው ካንዴሌታውን ከናካቴው ላያዝዘው ይችላል። ሪሌውን ለማግኘት ከባትሪ የሚመጣውንና ወደ ካንዴሌታዎቹ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ተከተሉ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ጋር ያዙ፤ ቀዩን ከባትሪ በሚመጣው ብሎን ላይ አድርጉና ረዳታችሁ ቁልፉን ሳያስነሳ ብቻ እንዲከፍት አድርጉ። ሪሌው ቀጭ ብሎ እያለ ቁጥሩን ያዙ። ወዲያው ቀዩን ወደ ካንዴሌታ በሚሄደው ብሎን ላይ አዙሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ለጥቂት ነጥብ ያህል ካልሆነ መለያየት የለባቸውም። በዚያ ላንድክሩዘር ላይ ከመግቢያው 12፣ ከመውጫው 9 አነበብኩ። ሦስት ቮልት ምን አላት ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ኃይል ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም። ቮልቱ በሩብ ሲቀንስ የካንዴሌታው ኃይል ወደ ግማሽ ይጠጋል። ፍም መሆን የነበረበት ብረት ለብ ብሎ ቀረ። ከጎደለው ኃይል ከፊሉስ የት ሄደ? እዚሁ ምላሷ ላይ ሙቀት ሆኖ፣ እሷኑ ይበላታል።

ጨርሶ ቀጭ ካላለ ሪሌ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ትንሹ ሽቦ ላይ ትእዛዝ መድረሱን ለኩ። ትእዛዙ ካልደረሰ ጥፋቱ የመቁጠሪያው ወይም የፊውዙ ነው። ደርሶ ዝም ካለ ጥቅሉ ተቃጥሏል።

ሌላም በሽታ አለው፤ ከዚህኛው ይከፋል። ምላሷ ቀልጣ ተጣብቃ ትቀርና ቁልፉ ተነቅሎም ካንዴሌታዎቹ ሲግሉ ያድራሉ። ጥዋት ባትሪው ባዶ ነው፤ ካንዴሌታዎቹም ሊቃጠሉ ይችላሉ። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ በኪሳችሁ ሆኖ ሪሌውን ስትዳስሱት ከሞቀ፣ ያንኑ ሰዓት የባትሪውን ሽቦ ንቀሉ።

መቀየሩ ራሱ ብዙ ወሬ የለውም፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ እቆማለሁ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳትነቅሉ፣ ባትሪው ሁለት ከሆነም የሁለቱንም ሳትነቅሉ፣ ዳዶ አትንኩ። ከባትሪ የመጣው ብሎን ቁልፉ ቢጠፋም እሳት ነው። ይህን ጣቴን ተመልከቱ፤ ክብ ጠባሳ አለበት። ወጣት ሳለሁ የጋብቻ ቀለበቴ በያዝኩት መፍቻና በሞተሩ ብረት መካከል ገባ። የወርቅ ቀለበት ባንድ ዓይን ጥቅሻ ቀልቶ ጣት ላይ ሲጣበቅ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ባለቤቴ ዛሬም ድረስ ቀለበት አላደርግም ስል የምታምነኝ ጠባሳውን ስላየች ነው።

አሮጌው ሲወጣ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሽቦዎቹን ጆሮ በብርጭቆ ወረቀት መዳቡ እስኪያበራ ፈትጉ፤ ክረምቱ የጋገረውን ዝገት ሳያጸዱ አዲስ ሪሌ መግጠም በቆሻሻ ሳህን ትኩስ ምግብ ማቅረብ ነው። ዳዶውን በልክ አጥብቁ፤ ብሎኑ መቀመጫው ውስጥ ከዞረ ዕቃው ሳይሠራ ሞተ።

አገዛዙ ላይ ግን ልቆይ። ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ጋ፣ ብትወርዱ ኦሪጅናል፣ ቅጂና ያገለገለ ታገኛላችሁ። ቅጂ ሁሉ መጥፎ አይደለም። መጀመሪያ በእጃችሁ መዝኑት፤ ውስጡ መዳብ ያለበት ከበድ ይላል። ከዚያ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይኑር፤ ወፍራሞቹን ብሎኖች አስነኩት። መዳብም ናስም በማግኔት አይያዝም፤ የተያዘ ከሆነ ቀለም የተቀባ ብረት እየተሸጠላችሁ ነው። የፊት መብራት ሪሌ፣ ያችን 30 እና 40 አምፔር የምትችለውን ትንሽዬ ሳጥን፣ «ይሠራል» ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ቮልቱንም አንብቡ፤ የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ 24 ናቸው። በአንዳንድ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ሪሌው ሁለት ነው፤ አንዱ ሙሉውን ኃይል ለጥቂት ሴኮንድ ይሰጣል፣ ሁለተኛው በመቀነሻ በኩል ያስታምመዋል። ካንዴሌታዎቹም ከባትሪው ባነሰ ቮልት የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን ሪሌዎች ያምታታ ሰው ካንዴሌታውን ያነድደዋል፤ የነደደው ጫፍ ተሰብሮ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ሞተር ማውረድ ይሆናል።

ካንዴሌታዎቹንም አንድ በአንድ ሳትለኩ ኮፈን አትዝጉ። የሚያገናኛቸውን ብረት ፈትታችሁ በኦም ስትለኩ ደህናው አንድ ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ያነባል፤ የተቃጠለው ምንም አያነብም። በላንድክሩዘሩ ላይ ከስድስቱ ሁለቱ ሞተው ነበር። አዲስ ሪሌ ብቻ ገጥሜ ብሸኘው ኖሮ ታኅሣሥ ላይ ይመለስብኝ ነበር።

ስለ ዘዴዎቻችን ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ አዳራሹ ውስጥ ያደረጋቸው እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔም አድርጌአለሁ። ማታ ቁልቁለት ላይ አቁሞ ጥዋት በማንደርደር ማስነሳት ሞተር አይገድልም፤ ብቻ ፍሬኑን ማመን አለባችሁ። ሪሌውን ትቶ በበር ደወል ቁልፍ ቀጥታ ማገናኘት ግን ከዚህ ጣቴ የባሰ ያመጣል፤ ያች ቁልፍ 60 አምፔር ልትሸከም አልተሠራችም፤ ሽቦዋ ዳሽቦርዱ ሥር ይነድዳል። ከሁሉ የከፋው ኤተር መንፋት ነው። ካንዴሌታው ግሎ ሳለ ኤተር በአየር ማስገቢያው ከገባ ፒስተኑ ወደ ላይ ሳይደርስ ይፈነዳል፤ ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስተን ይሰነጥቃል። «ካንዴሌታው አይሠራም እኮ» የሚል መልስ ይሰጠኛል። አንዱ እየሠራ ከሆነ ይበቃዋል።

ሚኒሶታ የሚኖር የእህቴ ልጅ እዚያ ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ናፍታው ራሱ ሰም እንደሚሠራና መኪናውን ማታ እንደ ምጣድ ሶኬት ላይ ሰክተው እንደሚያሳድሩት አውርቶኛል። የእኛ ብርድ እዚያ አይደርስም። ደህና ካንዴሌታና ደህና ሪሌ ይበቁናል፤ ስለዚህም ነው አለማየታችን የሚያንገበግበኝ።

አዳዲሶቹን መኪኖች ለያዛችሁ አንድ ቃል ብቻ። በኮምፒውተር የሚታዘዙት ላይ አንዳንዶቹ ካንዴሌታዎች ለ12 ቮልት አልተሠሩም፤ በሽቦ ቀጥታ ከባትሪ ጋር ሞክሩ የሚላችሁን አትስሙ። ለቀረነው ደግሞ ያለን ያው ያረጀው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ የቆመው ናፍታ መኪና እያረጀ ይሄዳል፤ በአዲስ የመተካት ዕድሉም ጠቧል። የስምሪት ኃላፊዎች ይህን ለጠቅላላ አገልግሎት ስታስረዱ የሪሌውን ዋጋ ከባትሪው፣ ከሞቶሪኖውና ከሦስቱ ቀን ውሎ አበል አጠገብ ጻፉት።

የተቆረጠውን ሪሌ ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ፤ እያነሳችሁ እዩት፣ ቴስተር ላልያዛችሁም አጠገቡ አንድ አለ። ዛሬ ማታ ግን አትለኩ፤ ነድታችሁ ስለመጣችሁ ሞተራችሁ ሞቋል። ነገ ጥዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሳታስነሱት በፊት ለኩት።